ከሴኡል ውጪ ያለችው ኮሪያ፦ ስለ ገጠሯ ተራሮች፣ ወንዞችና ጥንታዊ ቦታዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጉብኝት ለሚሄዱም እዛው ለሚኖሩም የተዘጋጀ ነው፤ ዓመትና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሴኡል ውጪ ለማየት የሚያስኬድ ነገር አለ እንዴ?

አለ፣ እንደውም ለኔ ዋናው ነገር ያለው እዛ ነው። ብዙ ሰው ኮሪያ ሲባል የሚታየው ፎቅና ድራማ ነው ግን አገሩ አብዛኛው ተራራ ነው፣ ከሴኡል ወጥታችሁ አንድ ሰዓት ከሄዳችሁ ግራና ቀኙ ጫካ፣ ወንዝና የሩዝ ማሳ ይሆናል። ተራሮቹ በጣም ረጃጅም አይደሉም፤ ከደቡብ ኮሪያ ትልቁ የጄጁ ደሴቱ ሃላሳን ("ሳን" ተራራ ማለት ነው) 1,947 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ራሷ ከሱ በላይ ናት። ደስ የሚለው አለቱ፣ ገደሉ፣ ጥዱና ከስሩ የተሰራው የቡድሃ ገዳም አንድ ላይ ተያይዘው መታየታቸው ነው።

ኮሪያኖች ተፈጥሮንና ታሪክን ብዙም አይለያዩም። አንድ ገደል ወይ አንድ የወንዝ መታጠፊያ ለውበቱ ብቻ በመንግስት በቅርስነት ይመዘገባል፣ ዛፍና ዋሻም እንደ ቤተ መንግስት በህግ ይጠበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ማን ግጥም እንደፃፈበት፣ የትኛው ንጉስ እንዳለፈበት የሚናገር ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳውን ሳታነቡ ፎቶ ብቻ አንስታችሁ ከተመለሳችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት።

ቪዛ ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትሄዱ አዎ፣ ቀድማችሁ ከኤምባሲ ማውጣት አለባችሁ። ጄጁ ደሴት የራሷ የተለየ የቪዛ ህግ ስላላት "ጄጁ ያለ ቪዛ ይገባል" ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ፣ ግን ለሁሉም አገር አይሰራም፣ ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ። የአሜሪካ ወይ የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ አብዛኞቻችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም። በረራውን በተመለከተ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢንቾን ይገባል።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

አንድ ጊዜ ብቻ የመሄድ ዕድል ካለ ኦክቶበር። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ መሆን የሚጀምረው ከሰሜን ተራሮች አናት ነው፣ ሶራክሳን ላይ ሴፕቴምበር መጨረሻ ይጀምርና ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዛ ወደ ደቡብ እየሄደ ኔጃንግሳን የሚባለው ተራራ ላይ ኖቬምበር መጀመሪያ ይደርሳል። ሰማዩ የጠራ ነው፣ አየሩም ለእግር ጉዞ ይመቻል። ችግሩ ህዝቡ በሙሉ አብሯችሁ መውጣቱ ነው፣ ቅዳሜና እሁድን ብትተዉ ይሻላል።

ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ አበባው ነው፣ ጉሬ የሚባለው ወረዳ መንደሮቹ በሙሉ ቢጫ ይለብሳሉ፣ ቀጥሎ ቼሪው ይከተላል። ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ ዝናብ ነው፣ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ያኔ ባትሄዱ እመርጣለሁ። ክረምታቸው (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ በሰሜኑ ቾርዎን አካባቢ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቹሶክና ሶላል የሚባሉት ትልልቅ በዓላት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ወደ ቤተሰቡ ስለሚሄድ የባቡርም የባስም ትኬት ቀድሞ ያልቃል።

መኪና የለኝም፣ ኮሪያኛም አልችልም፣ ገጠር ድረስ እንዴት እሄዳለሁ?

ይቻላል። ትልልቆቹ መስመሮች ቀላል ናቸው፦ ከሴኡል ወደ አንዶንግና ወደ ዳንያንግ ባቡር አለ፣ ሶራክሳን አጠገብ ወዳለችው ሶክቾ ደግሞ አገር አቋራጭ ባስ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል። ቲመኒ የሚባለውን ካርድ ከማንኛውም ሱቅ ገዝታችሁ ብር ሙሉበት፣ ለሜትሮም ለከተማ ባስም አብዛኛው ቦታ ይሰራል። ካርታ ላይ ግን ጉግል ማፕን አትመኑ፣ ኮሪያ ውስጥ የእግርና የመኪና አቅጣጫ ላይ ለዓመታት ደካማ ነው የኖረው፣ ኔቨር ማፕ ወይ ካካኦ ማፕ አውርዱ፣ ሁለቱም የእንግሊዝኛ ገፅ አላቸው።

የሚያስቸግረው የመጨረሻዋ መንገድ ነች። ከወረዳው ከተማ ወደ መንደሩ የሚሄደው ባስ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመላለሰው፣ የመጨረሻውም ብዙ ጊዜ በጊዜ ይወጣል፣ ስለዚህ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት ፌርማታው ላይ ፎቶ አንሱት። ካመለጣችሁ የምግብ ቤት ባለቤት ወይ ሱቅ ጠይቁ ታክሲ ይጠሩላችኋል፣ የገጠር ሰዎች በተለይ ትልልቅ እናቶች በምልክትም ቢሆን ተግባብተው ይረዳሉ።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ፣ ከሴኡል ደርሼ የምመለሰው የት ነው?

ዳንያንግ። በባቡር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ናምሃን ወንዝ መሃል ሶስት አለቶች ብቅ ብለው ቆመዋል፣ ዶዳምሳምቦንግ ይባላሉ፣ የመሃለኛው ላይ ትንሽ ድንኳን መሳይ ማረፊያ ተሰርቶበታል። ተረቱ መሃለኛው ባል ነው፣ አንደኛዋ ውሽማ፣ ሌላኛዋ ደግሞ ተቆጥታ ጀርባዋን የሰጠች ሚስት ናት ይላል፣ እውነትም አንዷ ዞራ ነው የቆመችው። ሌላም ተረት አለ፣ አለቶቹ በጎርፍ ጆንግሶን ከሚባለው ወረዳ ተንሳፍፈው ነው የመጡት ተብሎ የጆንግሶን ሰዎች በየዓመቱ ግብር ይጠይቁ ነበር፣ አንድ ልጅ ግን "እኛ ኑ አላልናቸውም፣ ወንዛችንን ዘግተውብናል፣ ከፈለጋችሁ ውሰዷቸው" ብሎ አስቀራቸው ይባላል። ልጁ በኋላ በ1392 የጆሶን መንግስት ሲመሰረት ዋና ከነበሩት ሰዎች አንዱ የሆነው ጆንግ ዶጆን ነው። እዛው ከተማ ጎሱ የሚባል የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ፣ በአንድ ቀን ሁለቱንም ታደርሳላችሁ። የምታዩት ከተማ ግን አዲስ ነው፣ የድሮው ዳንያንግ በ1985 ያለቀው የቹንግጁ ግድብ ውሃ ስር ቀርቷል።

ዳንያንግም ከራቃችሁ በሜትሮ ዮንግሙን ድረስ ሂዱና በባስ ወደ ዮንግሙንሳ ገዳም ግቡ፣ ደጁ ላይ 1,100 ዓመት ያህል ይሆነዋል የሚባል ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ የጊንኮ ዛፍ አለ።

ሶራክሳን ልምድ ለሌለው ሰው ይከብዳል?

በመረጣችሁት መንገድ ይወሰናል። የማይወጣ ሰው በኬብል ካር በጥቂት ደቂቃ ጎንጉምሶንግ የሚባለው አለት አጠገብ ይደርሳል። መካከለኛው ኡልሳንባዊ ነው፣ ከፓርኩ በር አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ግን አለት ላይ የተቸከለ የብረት ደረጃ ስለሆነ ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ይቸገራል፣ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ያዙለት። ዋናው ጫፍ ዴቾንግቦንግ 1,708 ሜትር ነው፣ ሙሉ ቀን ነው፣ ጉልበትም ይጨርሳል። አዲስ አበባ ወይ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው አየሩ አይከብደውም ግን የኮሪያ መንገድ ዙሪያውን አይጠመዘዝም ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል።

የኡልሳንባዊ ተረትም ስለ ግብር ነው። አለቱ ከደቡብ ከኡልሳን ተነስቶ አሁን ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ባለው ኩምጋንግሳን ተራራ ላይ ለመሰለፍ ሲጓዝ ዘግይቶ እዚህ ቀረ፣ የኡልሳን ሹም መጥቶ አለቱ የኔ ነው ብሎ ገዳሙን ግብር ሲያስከፍል አንድ ትንሽ መነኩሴ በብልሃት አሳፍሮ መለሰው ይላሉ። ገበሬውና ገዳሙ በሹም ይማረር እንደነበር ከዚህ ተረት በላይ የሚነግረኝ የለም።

ጄጁ ሁሉም ሰው የሚሄድባት ናት፣ ያን ያህል ታስኬዳለች?

ታስኬዳለች፣ ግን ካፌውንና ሙዚየሙን ዘላችሁ እሳተ ገሞራው የሰራውን እዩ። ሃላሳንና የላቫ ዋሻዎቹ በ2007 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ሶንግሳን ኢልቹልቦንግ ከዛሬ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ባህር ውስጥ ከፈነዳ እሳተ ገሞራ የቀረ ጉድጓድ ነው፣ ንጋት ላይ ሰው ፀሐይ ለማየት ይወጣበታል። ሃላሳን ጫፍ የሚያደርሱት ሶንግፓናክና ጓኑምሳ የሚባሉት መንገዶች ብቻ ናቸው፣ በሁለቱም ጫፉ ድረስ ለመውጣት ቀድሞ ኦንላይን መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ሳይመዘገቡ ሄደው ጫፉን ሳያዩ የሚመለሱ አሉ። ኦሌ የሚባለው የእግር መንገድ ደሴቷን እየዞረ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ አንድ ክፍሉን ብቻ ብትሄዱ ይበቃል። ባህር ዳር ላይ ያለ ኦክስጅን የሚጠልቁትን ሴቶች ታያላችሁ፣ ሄኒዮ ይባላሉ፣ ብዙዎቹ አያቶች ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሳትሰሙ አትሂዱ። ከ1947 እስከ 1954 በነበረው የጄጁ እልቂት ከ25,000 እስከ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ ሰዉ የተደበቀው በነዚሁ ዋሻዎችና ጫካዎች ውስጥ ነበር። ዳራንግሺ የሚባል ዋሻ ውስጥ የሰዎች አፅም በ1992 ተገኝቷል። የእልቂቱ መታሰቢያ የሆነው የሰላም ፓርክ ከጄጁ ከተማ ቅርብ ነው፣ ግማሽ ቀን ስጡት።

ሃሆዌ መንደር ለቱሪስት የተሰራ ነው ወይስ እውነት ሰው ይኖርበታል?

ሰው ይኖርበታል። አንዶንግ አጠገብ ናክዶንግ ወንዝ ዙሮ አቅፎት የሚያልፍ መንደር ነው፣ የርዩ ቤተሰብ 600 ዓመት ያህል ኖሮበታል፣ የባላባቶቹ ቤት የሸክላ ክዳን ነው፣ የሌላው ሰው የሳር ክዳን። በ2010 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ ንግስት ኤልሳቤጥ ደግሞ በ1999 ጎብኝተውታል። ስለዚህ በር ክፍት ስላያችሁ ብቻ ዘላችሁ አትግቡ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ የሚያሰጡ አሮጊት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ቅርፁ በደንብ የሚታየው ከወንዙ ማዶ ካለው ቡዮንግዴ ገደል ላይ ነው፣ 64 ሜትር ነው፣ ለመውጣት ቀላል ነው። የጭምብል ጭፈራው የሚታይበትን ቀን አጣርታችሁ ሂዱ፣ ድሮ ገበሬው ባላባቱንና መነኩሴውን ፊት ለፊት የሚሰድብበት ብቸኛው ቀን ነበር፣ ባላባቶቹም ዝም ብለው ያዩት ነበር። የሚገርመኝ እሱ ነው።

አንድ ዛፍ ለማየት ብሎ ያን ያህል መንገድ መሄድ ትርጉም አለው?

ለኔ አለው። ሶንግኒሳን መግቢያ ላይ ያለው ጥድ በ1464 ንጉስ ሴጆ ሲያልፉ ቅርንጫፉን አነሳላቸው ተብሎ የሚኒስትር ማዕረግ ተሰጥቶታል፣ ማዕበልና በረዶ አንድ ጎኑን ሰብሮበታል ግን ዛሬም በምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ዬቾን በሚባለው ወረዳ ያለው ሶክሶንግንዮንግ ደግሞ የራሱ መሬት ያለው ጥድ ነው፣ ልጅ ያልነበረው ሰው መሬቱን ለዛፉ አወረሰው፣ ዛፉ በስሙ ግብር ይከፍላል፣ ከኪራዩም ለአካባቢው ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። መንደሩ በየዓመቱ ድግስ ያዘጋጅለታል። የቤተ ክርስቲያን ደን ሲጠበቅ አይቶ ያደገ ሰው ይሄ ስሜት አይጠፋውም።

የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት የተዋጋበትን አካባቢ ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ ለኛ ሰው ከሶራክሳንም ከጄጁም በፊት ይሄን ነው የምመክረው። ከክብር ዘበኛ የተውጣጡት ዘማቾች በ1951 ኤፕሪል ከአዲስ አበባ ተነስተው በጅቡቲ በመርከብ ሜይ ላይ ቡሳን ገቡ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆነው ሃዋቾን፣ ቾርዎንና ኪምሃዋ አካባቢ ባሉት ተራሮች ላይ ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ የተማረከ አንድም የለም። ተራሮቹ ያኔ በመድፍና በማገዶ ተራቁተው ነበር፣ አሁን የምታዩት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ በአብዛኛው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አገሩ በሙሉ ወጥቶ ዛፍ ሲተክል የመጣ ነው። ያንን እያሰባችሁ ብታዩት ሌላ ነው።

መነሻችሁ ቹንቾን ይሁን፣ ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጎንግጂቾን በሚባለው የወንዝ ዳር ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በ1968 የተመረቀው የዘማቾቹ ሐውልት አለ፣ ፊት ለፊቱ በ2007 የተከፈተው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው የጎጆ ቤት ቅርፅ ነው። አጠገቡ ውሃው ዳር ከ1968 ጀምሮ የኢትዮጵያ ቡና የሚያፈላ ካፌ አለ። ቹንቾን ከ2004 ጀምሮ የአዲስ አበባ እህት ከተማ ናት። አያታችሁ ዘማች ከነበሩ አዳራሹ ላሉት ሰራተኞች ንገሯቸው።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ሰሜን ሃዋቾን ዝለቁ። የሰላም ግድብ የሚባለው ጋ ከተለያዩ የጦርነት ቦታዎች በተሰበሰበ የጥይት ቀለህ የተሰራ ትልቅ ደወል አለ፣ ላዩ ላይ ካሉት ርግቦች የአንዷ ክንፍ ሆን ተብሎ ተቆርጦ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ኮሪያዎች ሲዋሃዱ ይገጠማል ብለው። ደወሉን የሚደውል ሰው የሚከፍላት ትንሽ ገንዘብ ለኢትዮጵያ ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ትምህርት ነው የምትውለው።

ክርስቲያን ወይ ሙስሊም ሆኜ የቡድሃ ገዳም ግቢ መግባት እችላለሁ? ይከፈላል?

መግባት ይቻላል፣ ማንም ስገዱ አይላችሁም። ጫማ አውልቁ፣ ፀሎት አዳራሹ ውስጥ ፎቶ አታንሱ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ በቃ። ክፍያውን በተመለከተ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ በ2007 ቀርቷል፣ አብዛኞቹ ትልልቅ ገዳሞችም ከሜይ 2023 ጀምሮ አያስከፍሉም፣ የድሮ ፅሁፍ አንብባችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ።

አንድ ገዳም ምረጥ ብባል ሄኢንሳ የሚባለውን ነው የምለው። ጋያሳን ተራራ ውስጥ ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቡድሃ መፅሐፍት የተቀረፀባቸው ከ81,000 በላይ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉት። ያልተበላሹት በህንፃው ነው፣ የፊትና የኋላ መስኮቶቹ መጠን ይለያያል፣ ነፋሱ ገብቶ እየዞረ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል። በ1951 ደግሞ አካባቢውን እንዲደበድብ የታዘዘው ኮሪያዊ አብራሪ ኪም ዮንግሃን ቦምቡን አልጥልም ብሎ ነው የተረፈው።

ጾም ላይ ነኝ፣ ገጠር ውስጥ ምን እበላለሁ? ሃላልስ አለ?

ጿሚ ከከተማ ይልቅ ገዳም አካባቢ ይሻለዋል። ከገዳሞቹ በታች ያሉት ምግብ ቤቶች ከተራራ የተለቀመ ቅጠላ ቅጠል በሩዝ ይሰራሉ፣ ሳንቼ ቢቢምባፕ ይባላል፣ እንቁላሉ ይቅርልኝ በሉ። ጋንግዎን በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ድንች ተፈግፍጎ በዘይት የሚጠበስ ጋምጃጆን አለ፣ ጣፋጭ ነው። ኪምቺ ግን አብዛኛው የዓሳ ወይ የሽሪምፕ መረቅ ገብቶበታል፣ ሾርባውም በደረቅ ዓሳ የተቀቀለ ሊሆን ይችላል፣ ዓሳ የማትበሉ ተጠንቀቁ። ገዳም ውስጥ ማደር ከፈለጋችሁ ቴምፕልስቴይ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ እዛ የሚበላው ስጋም ዓሳም ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የለበትም።

ሃላል ገጠር ውስጥ አታገኙም ማለት ይቀላል፣ የአሳማ ስጋም በብዙ ነገር ውስጥ ይገባል። ሙስሊም ጓደኞች ምስራቅ ባህር ዳር ዓሳ ቤት ይመርጣሉ፣ ወይ ከሴኡል ኢቴዎን ሰፈር ስንቅ ይዘው ይወጣሉ።

የጎቻንግ ትልልቅ ድንጋዮች ከጢያ ትክል ድንጋይ ጋር ይገናኛሉ?

አይገናኙም። የጎቻንግ፣ የሃዋሱንና የጋንግሃዋ ድንጋዮች ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሰሩ መቃብሮች ናቸው፣ ትልቅ ድንጋይ በሌሎች ድንጋዮች ላይ ተጭኖ። የጢያ ድንጋዮች ደግሞ የቆሙና ሰይፍ የተቀረፀባቸው ናቸው፣ በብዙ ዘመንም ይከተላሉ። የጋራቸው መቃብር ላይ መሆናቸው ነው። ጎቻንግ ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩት በአንድ ኮረብታ ስር ተደርድረው ነው የሚታዩት፣ ጢያን ያየ ሰው ቢያያቸው ይወዳቸዋል።

የተራራው መንገድ ዝግ ነው ብለው መለሱኝ፣ ለምን?

ምናልባት በእሳት ምክንያት ነው። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ብዙ የፓርክ መንገዶች ይዘጋሉ። ፀደያቸው ላይ (ከማርች እስከ ሜይ) መሬቱ ይደርቃል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ ጥዱ ደግሞ ዘይታማ ስለሆነ ቶሎ ይያያዛል። በ2005 ናክሳንሳ ገዳም ሲቃጠል የነሐስ ደወሉ ቀልጧል፣ በማርች 2025 ደግሞ ከ1,300 ዓመት በፊት የተመሰረተው ጎኡንሳ ገዳም አብዛኛው ወድሟል፣ ሃሆዌም ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለዚህ ዝግ ሲሉ አትከራከሩ፣ በጎን አትግቡ፣ ቅጣትም አለው። የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን የብሔራዊ ፓርኮች ድረገፅ ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ታያላችሁ።

ኩምጋንግሳን መሄድ ይቻላል? ድንበሩ አካባቢ ያሉት ቦታዎችስ?

ኩምጋንግሳን ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ነው። ከ1998 ጀምሮ ከደቡብ ጉብኝት ነበር፣ በ2008 አንዲት የደቡብ ቱሪስት በጥይት ስትገደል ቆመ፣ እስካሁንም አልተጀመረም። ቀኑ ከጠራ ከጎሶንግ ማማ ላይ ከሩቅ ይታያል።

በደቡብ በኩል ያለው ግን ይጎበኛል። ቾርዎን ላይ ሃንታን ወንዝ የቀዘቀዘ ላቫ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፣ ገደሉ ላይ 3.6 ኪሎ ሜትር የተንጠለጠለ የእግር መንገድ አለ፣ ይሄ ፈቃድ አይጠይቅም። ያንጉ ላይ ያለው ዮንግኑፕ የሚባለው የተራራ ረግረግ ግን ቀድሞ ምዝገባ ይፈልጋል፣ ወደ ድንበሩ የሚጠጉት ደግሞ በአስጎብኚ ብቻ ነው የሚገቡት፣ ፓስፖርት በእጃችሁ ይኑር፣ ፎቶ ኮፒ አይሰራም። ቀይ ሶስት ማዕዘን ምልክት ካያችሁ ፈንጂ አለ ማለት ነው፣ ከመንገዱ አንድ እርምጃ እንኳን አትውጡ፣ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ድሮን ይዞ መሄድም የወታደር ካምፕ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው።